ጋሽ ዋቅጅራ የዋጧት ብሎን

ጋሽ ዋቅጅራ ማረፋቸውን ልጄ ከናዝሬት ደውላ ስትነግረኝ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ነፍሳቸውን ይማር" አልነበረም። "ሆዳቸውን ነው እንዴ?" ነው ያልኩት።

"ኧረ እማዬ! በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት። ደግሞ ዘጠና የሞላቸው ሽማግሌ ምን ሆነው ሞቱ ይባላል?" አለችኝ።

እሷ ምን ታውቃለች። በጋሽ ዋቅጅራ ሆድ የምንጨነቀው እኔና ነፍሱን ይማረው አባቷ ብቻ ነበርን።

ዝዋይ ትንሹ ልጄ ዘንድ ነበር የሰነበትኩት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከመቂ እስከ ሞጆ በመስኮት የማየው የቲማቲም ማሳ እንኳ አልታየኝም፤ ዓይኔ ላይ የነበረው የእሳቸው ነጭ ጋዋን ነው። ዛሬ ሰዉ አዳማ ይላል፤ ይበል። እኔ ግን የምነግራችሁ ነገር የሆነው ናዝሬት እያልን በምንጠራት ጊዜ ስለሆነ ናዝሬት ብላት ቅር እንዳይላችሁ። ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ነገሬም ወዲያ ወዲህ ማለት ይወዳል። ታገሱኝ።

የጋሽ ዋቅጅራ ሱቅ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ሥራቸው ራዲዮ መጠገን ነው፤ ግን "ጠጋኝ" ብሎ የጠራቸው ሰው ዕቃውን ይዞ ይመለስ ነበር። "ጠጋኝ የጫማ ነው፤ እኔ ሐኪም ነኝ" ይላሉ። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ሲያስነሳው ሰዉ ሁሉ ከወፍጮ ቤት የወጣ ይመስላል፤ የእሳቸው ጋዋን ላይ ግን እድፍ አይታይም። ፀጉራቸውን ቅባት ቀብተው ወደ ኋላ ያበጥሩታል። ጉረኛ ነበሩ፣ አልደብቃችሁም። ምላሳቸውም ኮሶ ነው። ትውልዳቸው ከዴራ በኩል ነው፤ ሲናደዱ በኦሮምኛ፣ ሲሳደቡ በአማርኛ፣ ጉራ ሲነዙ በሁለቱም።

መደርደሪያቸው ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ከሰው ራዲዮ ሆድ ውስጥ ያወጡትን ሁሉ እዚያ ያጠራቅማሉ፤ በረሮ፣ የአይጥ ግልገል፣ ደርቆ ቋንጣ የሆነ እንሽላሊት። የናዝሬት እንሽላሊት ትንኝ ፍለጋ ነው መሰለኝ ራዲዮ ውስጥ መግባት ይወዳል። ደንበኛ "ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?" ብሎ ሲጨቃጨቃቸው ቆርቆሮውን ይከፍቱና "ይኸውልህ፣ ዘፋኝህ ሞቷል" ይሉታል።

የእሳቸው ትልቁ ነገር ግን ብሎን ነበር። ያኔ በየቤቱ ያለው ራዲዮ አብዛኛው የጃፓን ነው። የጀርባው ክዳን የሚታሰረው ራሱ ላይ መስቀል ባለው ብሎን ነው። እኛ ደግሞ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ ይህን ሲሰሙ መርዶ እንደተነገረው ሰው ነው የሚሆኑት።

አንድ ቀን የራዲዮ ድንጋይ ልገዛ ብሄድ "ነይ እስቲ፣ በላይነሽ። ይቺን ብሎን እያት። መስቀሏ አጠገብ ምን አለ?" አሉኝ።

"ነጥብ።"

"ነጥብ! ዓይን አለሽ። ያቺ ነጥብ 'የጃፓን ነኝ' ማለቷ ነው። የፈረንጁ ካቻቢቴ ጫፉ ሹል ነው፣ ጎኑ ደግሞ ወፈር ያለ። እዚህች ውስጥ ሲገባ ሥሯ ሳይደርስ አንገቷ ላይ ይቀራል። ስታዞሪው ሽቅብ ያመልጥና አፏን ይበላዋል። የጃፓኑ ግን..." ብለው እጀታው እንጨት የሆነ ካቻቢቴ ብሎኗ ላይ ተከሉ። አግድም ይዘው እጃቸውን አወዛወዙት። ብሎኗ ጫፉ ላይ እንደ ተንጠለጠለች ቀረች። "ማግኔት እንዳይመስልሽ። ልክ ስለሆነ ነው። ነጥብ የሌላትም ብትሆን በዚህ ትለያታለሽ። ልክ ከሆነ አትወድቅም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ከማዞርሽ በፊት ግፊ። ጉልበትሽን ሁሉ ለመግፋቱ ስጪው፤ ለማዞሩ የተረፈው ይበቃል። አፏ ቢበላ እንኳ ሥሯ ካልተነካ ትወጣለች።"

እነዚያ ካቻቢቴዎች ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ ነበሩ። በወጣትነታቸው ፋብሪካ ሊተክል ለመጣ አንድ ጃፓናዊ ረዳት ሆነው ሠርተው ኖሮ፣ ሰውዬው አገሩ ሲመለስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ሚስታቸው እንኳ አትነካቸውም።

የልጆቼ አባት አየለ ደግሞ ሁሉን በቢላ የሚሠራ ሰው ነበር። ሚስማር የሚነቅለው በቢላ ነው፣ ቁልፍ የሚከፍተው በቢላ ነው፣ ጫማ የሚጠግነው በቢላ ነው። ያቺ የጠረጴዛ ቢላችን ጫፏ በግራ በኩል ተሸርፏል፤ እሱ ግን ከእጁ አይለያትም። አንድ ጊዜ ራዲዮናችን ሲንኮሻኮሽበት በዚያችው ቢላ ሊፈታው ታገለ። ሲያቅተው ተሸክሞ ወደ ጋሽ ዋቅጅራ ሄደ። እሳቸውም ሱቁ በሰው እንደተሞላ ክዳኑን አገላብጠው አዩና፦

"ይሄን ራዲዮ ማነው ያረደው?" አሉ።

ሰው ሳቀ።

"ቢላ ነው። ያውም ጫፏ በግራ በኩል የተሸረፈች ቢላ። አንተ ሰውዬ፣ ሚስት አለችህ፣ ልጆች አሉህ፤ ትንሽ አታፍርም?"

አየለ ራዲዮኑን ነጥቆ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲገናኙ አንደኛው መንገዱን ተሻግሮ ያልፋል። እኔን ግን ሰላም ይሉኛል፤ ሰላምታቸውም "ቢላዋ ደኅና ናት?" ነው።

እንዲህ በብሎን ተኳርፈን ስንኖር ያ ክፉ ዘመን መጣ። የኖረበት ያውቀዋል፣ ላልኖረበት አላብራራም። ጠዋት ሰላም ያላችሁት ሰው ማታ በረንዳው ላይ የለም። እናቱም አትጠይቅም፣ እናንተም አትጠይቁም። አሰሳ ሲመጣ የጋሽ ዋቅጅራን ሱቅ ገለባብጠው እነዚያን ካቻቢቴዎች "ስለት ነው" ብለው ከነጨርቃቸው ወሰዱባቸው። ሄደው ቢጠይቁ "ወደ ከፍተኛ ተልኳል፤ ተመርምሮ ይመለሳል" ተባሉ። አልተመለሰም። ያን ሰሞን ነው ጋዋን ሳይለብሱ ያየኋቸው።

አየለ በዚያን ጊዜ የቀበሌያችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። ወንበሩ፣ ባንዲራው፣ ከሁሉም በላይ ድምፅ ማጉያው በእሱ እጅ ነው። ድምፅ ማጉያው የጃፓን ሥራ ነበር፤ የቢራ ሣጥን የሚያክል ብረት። በላብ አደሮች በዓል ዋዜማ ጠዋት ሊቀመንበሩ ለሰልፉ ሊሞክረው ሲከፍተው ሣጥኑ እንደ ድንጋይ ዝም አለ።

"ነክተኸዋል?" አለው አየለን።

"አልነካሁትም።"

"ማን ነካው ታዲያ?"

"ማንም አልነካውም። እንደተቆለፈ ነው።"

"ቁልፉስ ማን ጋ ነው?"

ቁልፉ አየለ ኪስ ውስጥ ነበር። ያኔ "አሻጥር" የምትባል ቃል ነበረች። ሰው ላይ አንዴ ከተለጠፈች አትለቅም። እሱ ላይ ለጠፏት።

ወሬው እንደደረሰኝ ስንቅ ቋጥሬ ሮጥኩ። በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ዓይኔን ሳያይ "ዛሬ አይገባም፣ ይዘሽ ተመለሺ" አለኝ። ስንቅ ተመለሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሣህኑ እጄ ላይ ከበደኝ። ልጁ የሠፈራችን ልጅ ነው፤ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፦

"እታለም፣ ማጉያው ዛሬውኑ ካልሠራ ለከፍተኛ ያስተላልፉታል። ሠሪ ካወቅሽ ፈልጊ" አለኝ።

ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛ የተላለፈ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም።

በናዝሬት የጃፓን ዕቃ የሚፈታ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሳቸውም ከባሌ ጋር አይነጋገሩም። ሄድኩ።

"ጋሽ ዋቅጅራ" አልኩ በሩ ላይ ቆሜ። "አየለን ያዙት።"

ቀና አላሉም። "በቢላዋ ነው?"

"እባክዎ አይቀልዱብኝ። ስንቁን መለሱብኝ።"

ያን ጊዜ የያዙት የብየዳ ካውያ አየር ላይ ቆመ። ቀስ አድርገው አስቀመጡትና ሁሉንም አስነገሩኝ። "አልነካሁትም ብሏል" ስላቸው ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ።

"አየለ? አየለ ያልነካው ዕቃ?" አሉ ለራሳቸው። ከተኳረፉ ወዲህ ስሙን ሲጠሩ የሰማሁት ያኔ ነው። "ሣጥኑን ከፍተውታል?"

"ሾፌራቸው እየሞከረ ነው አሉ።"

"ማሊ! ምን? ያ የአሸዋ መኪና ነጂ! ተነሺ፣ ጨርሶ ሳያርደው እንድረስ።"

ጋዋናቸውን ከምስማሩ አውርደው ለበሱ። ከመሳቢያ ከገበያ የተገዛ፣ እጀታው ቀይ ፕላስቲክ የሆነ ካቻቢቴ አወጡ፤ ካውያውንም ነቅለው ከፒንሳና ከላምባ ብልቃጥ ጋር ያዙ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የብስኩት ቆርቆሮውን ከፈቱ፣ አንድ ነገር በመሐረብ ጠቀለሉ፣ ዘጉት። ምንድነው ብዬ ለመጠየቅ ልብ አልነበረኝም።

"እዚያ ስንደርስ አንቺ መብራት ያዥ ነሽ" አሉኝ መንገድ ላይ። "ማልቀስ የለም። የሚያለቅስ ሰው መብራት ያንቀጠቅጣል። ሂን ሶዳቲን።"

አትፍሪ ማለታቸው ነው። የጋዋናቸውን ቁልፍ ግን አንዱን ዘለው በሌላው ቀዳዳ ቆልፈውታል። እሳቸው! በዚህ ነው መፍራታቸውን ያወቅኩት።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ቪላ ነበር። ሣጥኑ ሳሎኑ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩ ፊቱ በላብ ታጥቦ ጎንበስ ብሎበታል። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ታጥቆ ይንጎራደዳል፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ግድግዳ ተደግፈዋል። አየለ ጥግ ላይ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል፣ እጁ ወደ ኋላ ታስሯል። አየኝና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

"ማን ጠራህ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"የታመመ ራዲዮ ነው የሚጠራኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ይሄ ራዲዮ አይደለም።"

"ወንድሙ ነው።"

አንደኛው ጠባቂ ፈገግ ሊል ብሎ ተወው።

"አያስፈልግም" አለ ሊቀመንበሩ። "መሮና መዶሻ እያስመጣሁ ነው። በርግደን እናየዋለን።"

"ይበርግዱት። ነገ ግን ለሰልፉ ሕዝብ አፍዎን በእጅዎ ከልለው ሊጮሁ ነው።"

እኔ በቃ አለቅን ብያለሁ። ሊቀመንበሩ ተጠጋቸው።

"ብትነካው ባይሠራስ?"

ጋሽ ዋቅጅራ በአገጫቸው ወደ ጥጉ አመለከቱ። "ከእሱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ከተኳረፍን ቆየን፤ እንታረቅበታለን።"

ሊቀመንበሩ ሾፌሩን በእጁ ገፋ አደረገው።

የኪስ ባትሪ ሰጡኝና አበራሁ። የጀርባው ክዳን አራት ማዕዘኑ ላይ ብሎን አለው። የላይኛዋን የቀኟን ሾፌሩ በልቷታል፤ አፏ ክብ ጉድጓድ ሆኗል። ጋሽ ዋቅጅራ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ እየዳሰሱ ሄዱ። የታችኛዋ የግራዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ያን ጊዜ እኔም አየኋት። መስቀሏ ላይ በግራ በኩል ወጣ ያለች ጭረት አለች። ያቺን ጭረት አውቃታለሁ፤ በራዲዮናችን ጀርባ ላይ ስወለውላት ኖሬያለሁ። የእኛ ቢላ ናት።

አየለ "አልነካሁትም" ብሏል። ማንም ይህን ካየ ያ ቃል ውሸት ነው፤ የዋሸ ደግሞ አሻጥረኛ ነው።

"መብራቱን ወደ ላይ!" ብለው ጮሁብኝ። ደንግጬ ወደ ጣሪያው አዞርኩት። ምን ነካቸው ስል፣ ለካ ብርሃኑ ከዚያች ብሎን ላይ እንዲነሳ ነው። ወዲያው ሣጥኑን በክዳኑ ደፉት። "ይተኛ። ደንግጧል። መጀመሪያ ካቻቢቴውን ላርመው።"

ደጃፉ ላይ ደረጃው ድንጋይ ነው። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው አቧራው ላይ ተቀመጡ። የካቻቢቴውን ሹል ጫፍ ድንጋዩ ላይ ያፋጩ ጀመር። ፋቅ ያደርጉታል፣ ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል፣ በምራቅ ይነካሉ፣ ደግሞ ይፍቁታል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከውስጥ የሊቀመንበሩ ጫማ ኮቴ ይሰማል፤ ወዲያ፣ ወዲህ። መሮ ሊያመጣ የተላከው ሰው በአጥሩ በር ሲገባ አየሁት፤ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጓል።

"ካቻቢቴውን እያበላሸኸው ነው እኮ" አለ ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሞ።

"ሹሉ ሥሩ እንዳይደርስ ያግደዋል፤ እሱን ነው የምወስድለት። ልከኞቹ ነበሩኝ፣ እናንተ ጋ ናቸው።"

"ተመርምሮ ይመለሳል።"

"እሺ" አሉ። እንደዚያች "እሺ" ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ተመለስን። ሣጥኑን አቁመው ከሁሉ አስቀድመው የጀመሩት ከዚያች ከታችኛዋ ነው። በአውራ ጣታቸው ከልለው ካቻቢቴውን ተከሉ፣ በደረታቸው ተደግፈው ገፉ፣ ትንሽ አዞሩ። "ጢቅ" አለች። አወጧትና ከንፈራቸው መሐል ጎረሷት፤ ብሎን እንዳይጠፋባቸው ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው። ሁለቱ ጤነኞች ተከተሉ፣ እነሱንም ጎረሱ። የቀረችው ሾፌሩ የበላት ናት። ላምባ ጠብ አደረጉባት፣ በካቻቢቴው እጀታ መታ መታ አደረጓት፣ ጠበቁ። ሊቀመንበሩ መሮውን ተቀብሎ በእጁ ይዞታል። ገፉ። ካቻቢቴው ሊያመልጥ ሲል እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ደግመው ገፉ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ላባቸው ብረቱ ላይ ጠብ አለ።

"ጢቅ።"

ክዳኑን ከፈት አድርገው በትከሻቸው ጋረዱት። መብራት ያዥ ስለሆንኩ አየሁ፤ አንዲት ቀይ ሽቦ ከቦታዋ ተነቅላ ተንጠልጥላለች። መሐረባቸውን አውጥተው ላባቸውን ጠረጉ፣ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። ሲያወጡት በፒንሳ ጫፍ የደረቀ እንሽላሊት ይዘዋል።

"ይኸው አሻጥረኛው!" አሉ በብሎን በተሞላ አፍ። "ሽቦው ላይ ተኝቶ ተቃጠለ፣ ሽቦውንም ነቀለው። ያሽትቱት ጓድ ሊቀመንበር።"

ሊቀመንበሩ አላሸተተም። ጠባቂዎቹ ተጠግተው አዩና አንደኛው "እንዴ! ቋንጣ ሆኗል" አለ። ጋሽ ዋቅጅራ ካውያውን ሰክተው ሽቦዋን በየዱ። ማብሪያውን ጫኑ። ሊቀመንበሩ ማይክራፎኑን ነካ ሲያደርገው "ጉም!" የሚል ድምፅ ከጣሪያው ጡሩምባ ወጥቶ የሠፈሩን ውሻ ሁሉ አስጮኸ።

ያን ጊዜ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ። ግን ጋሽ ዋቅጅራ ናቸው፤ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ወደ ሾፌሩ ዞሩና "አንተ ግን ብሎን ሁለተኛ እንዳትነካ! እነዚህን ድሆች እንዲህ ታኝካቸዋለህ?" አሉት።

ሾፌሩ ፈራ። ጥፋቱ በእሱ ላይ ሊዞር መሰለው። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የነካሁት የላይኛዋን ብቻ ነው። የታችኛዋማ እኔ ስመጣም ተነክታ ነበር።"

ሊቀመንበሩ ወደ አየለ አየ። ከአየለ ወደ ጋሽ ዋቅጅራ። መዳፉን ዘረጋ።

"ብሎኖቹን አምጣ።"

ጋሽ ዋቅጅራ አልተንቀሳቀሱም።

"ብሎኖቹን ትፋ ብያለሁ!"

ወዲያው ትን አላቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ጉሮሯቸውን ያዙ፣ ፊታቸው ጠቆረ። አንደኛው ጠባቂ ሮጦ ጀርባቸውን ደበደባቸው። ሳሉ፤ ብሎኖች እየተንጫረሩ በሊቀመንበሩ መዳፍ ላይና ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። ሊቀመንበሩ ሰብስቦ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳቸው። ሁለቱ ጤነኞች ናቸው። አንዷ ሾፌሩ የበላት ናት።

"አራተኛዋስ?"

ጋሽ ዋቅጅራ እንባቸውን እየጠረጉ ጣታቸውን ወደ ሆዳቸው ጠቆሙ። "ዋጥኳት።"

ሊቀመንበሩ ሆድ ሆዳቸውን አየ።

"ይሄ ሾፌር ነው ያስዋጠኝ!" ብለው ጮሁ። "የላይኛዋን ብቻ ይለኛል! አሁን እኔን በምን ካቻቢቴ ልትፈቱኝ ነው?"

ያ ስንቄን የመለሰ የሠፈራችን ልጅ በሩ ላይ ሆኖ ይሰማ ኖሯል፤ መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ ሌሎቹ። ሳቅ በዚያ ግቢ ከተሰማ ብዙ ጊዜው ነበር መሰለኝ አንዴ ሲጀምሩ ማቆም አቃታቸው፤ ሾፌሩም ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን ጋሽ ዋቅጅራን ትክ ብሎ አያቸው። ያቺን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳትም። የሚያውቅ ይመስል ነበር። ብሎኖቹን መዳፉ ውስጥ አንቀጫቀጫቸው፣ ጣሪያው ላይ ወዳለው ጡሩምባ አንጋጠጠ፣ ከዚያ መሮውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"ፍቱት" አለ።

ጋሽ ዋቅጅራ ለአራተኛዋ ቀዳዳ ከኪሳቸው ሌላ ብሎን አውጥተው አሰሩ፤ ሳይቸኩሉ። ሦስታችን መንገዱን ይዘን ወጣን። ጋሪ ተራው ጋ ስንደርስ ሆዳቸውን ያዙ።

"አመመዎት?" አልኩ።

"የባልሽ ብሎን ናት" አሉኝ። አየለን ግን ቀና ብለው አላዩትም።

ቤት ገብተን አየለ እጁ ላይ የገመዱን ሰንበር እያሻሸ ነገረኝ። ሣጥኑ ይንኮሻኮሽበት ኖሯል፤ ለበዓሉ አሳምሮ ሊያቀርበው ብሎ የታችኛዋን ብሎን ብቻ በቢላዋ ፈታ፣ ክዳኑን በዚያ በኩል ፈልቅቆ ቢላዋን ሲሰድ ሽቦዋ ተነቀለች፣ ደንግጦ ዘጋው። "ነክተኸዋል?" ሲሉት ደግሞ ምላሱ ቀድሞት "አልነካሁም" አለ። ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ለዚህም ይሞታል።

በዓሉ ሲያልፍ ቢላዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ሱቁ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ጋሽ ዋቅጅራ ቢላዋን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ወረወሩና ያን ጫፉ የተፋቀ ቀይ ካቻቢቴ ሰጡት። "ከእንግዲህ በዚህ" አሉት። "ከማዞርህ በፊት ግን ግፋ።" ሌላ ቃል የለም። አመሰግናለሁ ሊል አፉን ሲከፍት "ውጣ፣ ደንበኛ ትጋርዳለህ" አሉት። ስለ እንሽላሊቱ እኔ ኋላ ጠየቅኳቸው። "የድሮ ደንበኛዬ ሬሳ ነው። ሥራ ፈትቶ ቆርቆሮ ውስጥ ተኝቶ ነበር" ብለው አለፉት።

ያቺ ብሎን ግን አልወጣችም አሉ። ከዚያ በኋላ በሆነው ዘመን ሁሉ፣ ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ ራዲዮ ቀርቶ ቴሌቪዥን ሲመጣ፣ የጋሽ ዋቅጅራ ሆድ በታመመ ቁጥር መልእክት ይላክብናል፤ "ብሎኗ ተነሥታለች በሏቸው።" አየለም ሥራውን ትቶ ይሮጣል። ወተት ይወስድላቸዋል፣ አብሯቸው ይውላል፤ እሳቸው ይሰድቡታል፣ እሱ ይሰማል። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብሎኗ በየሳምንቱ መነሣት ጀመረች። ሠርግ ላይ ያልወደዱት ወጥ ሲቀርብ "ብሎኗ አልፈቀደችም" ይላሉ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላቸው "ምን ብዬ ልንገራቸው?" ይላሉ። አየለ ሲያርፍ ቀብሩ ላይ በከዘራ ቆመው "ብሎኑን ሳይወስድ ሄደ" ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ወተቱን የማደርሰው እኔ ሆንኩ።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ልጃቸው ጫልቱ አቅፋኝ ካለቀሰች በኋላ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና ያንን የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ቀለሙ ለቋል፣ ጠርዙ ዝጓል።

"እትዬ በላይነሽ፣ ስሞት ለእሷ ስጫት ብለው ነው" አለችኝ።

ከፈትኩት። ታች ያቺ ቢላችን አለች። ከላይዋ ድብልብል ሆኖ የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ፈታሁት። ብሎን ናት። ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ነጥብ አላት። መስቀሏ ላይ በግራ በኩል ወጣ ያለች ጭረት።

"አልዋጧትም?" አልኩ።

"ምላሳቸው ሥር ነበረች አሉ። ቤት ገብተው ተፏት። እንዳልነግራችሁ አስምለውኝ ነው።"

"ለምን? ያን ሁሉ ዘመን..."

ጫልቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "'እነ አየለ ካወቁ መምጣት ይተዋሉ' ይሉ ነበር።"

ድንኳን ሙሉ ሰው እያለቀሰ እኔ ሳቅ አፈነኝ። ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅኩ፤ ሰው ቢያየኝ አለቀሰች ይላል፤ እውነቱን ነው።

ማታውን ልጄ ቤት ገብቼ የአባቷን ዕቃ የሚይዘውን ሣጥን አስከፈትኳት። ቀዩ ካቻቢቴ ከታች ተቀምጧል። ጫፉ በዚያ የቀበሌ ደረጃ ላይ እንደተፋቀ ነው። የብሎኗ አፍ ላይ ተከልኩትና ገፋሁ፤ ሥሯ ድረስ ሲገባ ተሰማኝ። ከዚያ አግድም ያዝኩት። እጄ በእርጅና ይንቀጠቀጣል፣ ካቻቢቴውም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ብሎኗ አልወደቀችም።